የጣና ዘቦች በረኛ

የምንሠራበት መሥሪያ ቤት ስሙ ይቅርብኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ሰው ወረቀት ይዞ ከሚሰለፍባቸው ቢሮዎች አንዱ ነው በሉት። እኔ መሲ እባላለሁ፤ ደረሰኝ እቆርጣለሁ። ከእኔ ቀጥሎ «መረጃ» የሚል በተለጠፈበት መስኮት የምትቀመጠው የብርጓል ናት። እዚያ ያስቀመጣት አለቃ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ በከተማው ውስጥ ጥያቄ ከማንም አብልጣ የምትጠላዋን ሴት መርጦ ለጥያቄ እንደመደባት ግን እስከ ዛሬ የነቃ አይመስለኝም።

ቀኑን ሙሉ አያታለሁ። አንዱ ይመጣና «እህት፣ ፎቶ ኮፒ ያስፈልጋል እንዴ?» ይላል፤ ክርኑን ያስደገፈው «ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ ቅረቡ» የሚለው ወረቀት ላይ ነው። የብርጓል አትሳደብም፣ ድምፅዋንም ከፍ አታደርግም። ሰውየውን ከላይ እስከ ታች ታየዋለች። በእሷ ቤት ያን የሚያህል ጽሑፍ ሳያነብ የሚጠይቅ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ የሆነ ነገር የሚሰልል ነው። «ክንድህን አንሣና አንብብ» ትለዋለች። ሲሄድላት ወደ እኔ ዘወር ብላ «ምን ፈልጎ ይመስልሻል?» ትላለች። «ፎቶ ኮፒ» እላታለሁ። አታምነኝም።

እኔ ናዝሬት ተወልጄ ባሌ እዚህ ፋብሪካ ሲቀጠር ተከትዬው የመጣሁ ነኝ። አፌ አያርፍም፤ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ካልጠየቅኩ ቀኑ አይመሽልኝም። ከእሷ ጋር እንዴት እንደተወዳጀን ራሴንም ይገርመኛል። መጀመሪያ የተዋወቅን ዕለት «የየት አገር ልጅ ነሽ?» ብላት «ለምን ፈለግሽው?» አለችኝ። የዱርቤቴ ልጅ መሆኗን የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ እኔ ጥያቄውን ረስቼው ሳለሁ፣ በራሷ ጊዜ ነው።

እናትና አባቷ በላይ በላዩ ሲሞቱ ታናሽ ወንድሟ ዳኘው ገና ልጅ ነበር። ባሕር ዳር አምጥታ ያሳደገችው፣ ያስተማረችው፣ የተቆጣችው እሷ ናት። አላገባችም። «እሱ ይጨርስና» ትል ነበር፤ እሱ ደግሞ አንዱን ሲጨርስ ሌላ ይጀምራል። ኮሌጅ ሲገባ እሷ ከእሱ ይልቅ ደስ አላት። «ግንብ» የሚባለውን የስልክ ጨዋታ ያስለመዳት እሱ ነው፤ ማታ ማታ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለት ስልክ ላይ ሲያጎነብሱ አይቻቸው «እናንተ ሰዎች፣ እስቲ ተነጋገሩ» ብዬ የሳቅኩባቸው ጊዜ ብዙ ነው።

ጨዋታው ላይ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ግንብ ይገነባል። የተወሰኑት ተሰባስበው ጭፍራ ይመሠርቱና ከሌላ ጭፍራ ጋር ይዋጋሉ። እኔም ሞክሬው ነበር፤ ግንቤ በተሠራ ዕለት ፈርሶ ተውኩት። የእነሱ ጭፍራ «የጣና ዘቦች» ይባላል። ቴሌግራም ላይ የሚወያዩበት ግሩፕ አላቸው፤ የባሕር ዳርም፣ የጎንደርም፣ የሌላም አገር ልጆች ይገኙበታል። እንደ ሌላው ግሩፕ ሁሉም እንዳሻው የሚያወራበት እንዳይመስላችሁ። ደንብ አለው፤ ያወጣችው ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልገኝም።

አዲስ ገቢ ሰላም ብሎ ይገባል። ከላይ የተለጠፈውን ያነባል። ይሞክራል። ሞክሮ ሞክሮ ካቃተው አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፣ እሱንም ሁሉም በሚያየው ቦታ። የማንንም ስም፣ ሥራና ሰፈር አይጠይቅም። በውስጥ መስመር ማንንም አያናግርም። ቢያነብ የሚያገኘውን ነገር ከጠየቀ የብርጓል ትመጣበታለች፦ «ከላይ ተለጥፏል። ዐይን የተሰጠህ ለምንድን ነው?» ዳኘው በዚህ ይስቅባት ነበር። «ጀማሪ እኮ ነው፤ ብትነግሪው ምን አለበት?» ሲላት «ጀማሪ መስሎ የሚመጣውን አንተ አታውቀውም» ትለዋለች።

እውነት ለመናገር ያለ ምክንያት አይደለም። የግሩፑ ሁለተኛ ኃላፊ ግሩም የሚባል ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ግንቡን የተሰረቀው በጥያቄ ነው። አንድ «ጀማሪ» በውስጥ መስመር መጥቶ በሩ እንዴት ይከፈታል፣ ወርቁ የት ይገኛል እያለ ሰነበተ። ግሩም ሲያስረዳ፣ ሲያስረዳ ተወዳጁ። በመጨረሻ ልጁ «አሁን ስልክህ ላይ ቁጥር ይመጣልሃል፤ እሱን ላክልኝ፣ የሠራሁትን ላሳይህ» አለው። ግሩምም ላከለት። ዓመታት የደከመበት ግንብ በዚያች ቅጽበት የሌላ ሰው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ግሩም ሰዓት ስንት ነው ያለውን ሰውም መጀመሪያ ይጠረጥራል፣ ቀጥሎ ሰዓቱን ያያል።

ከዚያ ያ ሰሞን መጣ። ወጣት ከቤት ከወጣ እስኪመለስ ድረስ እናት የማትቀመጥበት ሰሞን፤ ለዚህ አገር ሰው ማብራራት አይጠበቅብኝም። የዳኘው የክፍል ጓደኛ ከመንገድ ተወስዶ የት እንደገባ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ሰዎች ሽምብጥ ወደነበረው የኪራይ ቤታቸው መጥተው «ዳኘው የሚባል እዚህ ይኖራል?» አሉ። እነማን እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡ አልተናገሩም። የብርጓል «አላውቀውም» ብላ በሩን ዘጋችባቸው። ልጁ ምንም አላደረገም፤ ያን ጊዜ ግን ምንም አለማድረግ ዋስትና አልነበረም። በማግሥቱ ጠዋት ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ ወጣ። ወዴት እንደሚሄድ አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችውም። ካላወቀች ማንም ከአፏ አያወጣውም ብላ ነው። ስልኩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝግ ነው።

እሷም መንገዱን ሁሉ መዝጋት ጀመረች። የማታውቃቸው ሰዎች እየደወሉ ስለ እሱ ሲጠይቋት ሲም ካርዷን ጣለች። ከሽምብጥ ለቅቃ አባይ ማዶ ቤት ተከራየች፤ ለጎረቤት እንኳ የት እንደሄደች አልተናገረችም። ጨዋታው ላይ «ታንኳ» የነበረውን ስሟን ቀይራ «ዝምታ» አለችው። የሚከታተላት ካለ በምንም በኩል እንዳያገኛት አደረገች። ወንድሟም የሚመጣው በእነዚያው መንገዶች መሆኑ የታሰባት ሁሉን ዘግታ ከጨረሰች በኋላ ነው። ዳኘው አዲሱን ቁጥሯን አያውቅም፤ አዲሱን ቤት አያውቅም፤ አዲሱን ስሟንም አያውቅም። መሥሪያ ቤቷ ሰው ልኮ እንዳያስጠራት ደግሞ ገና ሳይሄድ «እዚያ ጆሮ ብዙ ነው» ብላ አስጠንቅቃዋለች።

የቀረው አንድ ቦታ የጣና ዘቦች ነው። ስሙ አልተለወጠም። ዳኘው አንድ ቀን ከሆነ ቦታ ስልክ አግኝቶ ቢገባ እዚያ ነው የሚያገኛት። ስለዚህ ግሩፑን አልተወችም፤ ለእኔ ጨዋታ ነው፣ ለእሷ ግን ልጁ የሚመለስበት በር ነው። የዳኘው የጨዋታ ስም «ጭላት» ነበር። ስሙ እስካሁን ከጭፍራው መዝገብ አልወጣም፣ ግንቡም ማንም ሳይነካው ቆሟል። ግሩም ነገሩን ስለማያውቅ «ይህ ጭላት የሚባለው ሞቷል፤ አስወጥተን ቦታውን ለሌላ እንስጥ» ባለ ቁጥር ፊቷ ይለዋወጣል። «ይቆይ» ብቻ ትጽፍለታለች። ከዚያ የቀረበላትን ምሳ አትበላም።

ኅዳር ሲገባ ነው፣ «ሣህሉ ዘይፋግ» የሚል ስም ያለው ሰው ግሩፑ ውስጥ ብቅ ያለው። በምሳ ሰዓት ክበብ ተቀምጠን ሽሮ እየበላን ነበር። የብርጓል ስልኳን አዙራ አሳየችኝ።

«ሰላም ለዚህ ማኅበር ይሁን። ለትምህርት የመጣሁ አዲስ ደቀ መዝሙር ነኝ። የወንበሩ መምህር ማን ይባላሉ? እርሳቸውስ ከማን ተማሩ? ተማሪዎቹስ አገራችሁ ወዴት ነው?»

የግሩፑ ሰው ሁሉ ተረባረበበት። «ከላይ ተለጥፏል» አለ አንዱ። «ከላይ ተለጥፏል፣ ዐይን የተሰጠህ ለምንድን ነው?» አለ ሌላው። የየብርጓል ቁጣ የሁሉም አፍ ውስጥ ገብቷል። እሷ ቃል ሳትተነፍስ እሷኑ የሚያካክሉ ተቆጪዎች አፍርታለች።

እኔ ሳቅ አፈነኝ። «የቤተ ክህነት ሰው ነው ባክሽ፣ አነጋገሩን አታዪም?» አልኳት።

«እሱ እኮ ነው ያስፈራኝ» አለች። «ቄስ ጠረጠርሁ የሚል ማን አለ? እኔ ሰላይ ብሆን ጥምጥም ጠምጥሜ ነበር የምመጣ።» ስም ጠይቋልና አስወጣችው።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ በሌላ ቁጥር ተመለሰ፤ ስሙ ያው ነው። «ደጅ ልጠና መጥቻለሁ፣ አትቆጡኝ» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ጥያቄውን አወረደው። ግንቡ በሩ ወዴት ነው? የሚሠራው በጡብ ነው ወይስ በድንጋይ? ማገር አለው? ውሃስ ከወዴት ይቀዳል? እንዲህ ያለ ጥያቄ ግሩፑ በተመሠረተ አይቶ አያውቅም። ግሩም ለየብርጓል በውስጥ መስመር ጻፈላት፦ «ይህ ሰው ጨዋታውን ስልኩ ላይ አልጫነውም። ሳይጭን ስለ ጨዋታው የሚጠይቅ ሰው ምን ሊሆን ይችላል?»

እሷ ደግሞ ሌላ ነገር አየች። አንድ የዋህ ልጅ ሳይቆጣ ስለ በሩ ረጅም ማብራሪያ ጽፎለት ነበር፤ ሣህሉ ዘይፋግ መልስም አልሰጠው። የተቆጡትን ግን አንድ በአንድ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እያለ ያመሰግናል።

«ያስረዳውን ትቶ የተቆጣውን ያመሰግናል» አለችኝ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አስጠግታ። «ይህ ጤነኛ ነው?»

እስከዚያ ድረስ ስቀልድባት ነበር፤ ይህን ሳይ ግን እኔንም ቀፈፈኝ። በሁለተኛው ቁጥሩም አስወጣችው።

በሦስተኛው ሲመጣ በአደባባይ ብዙ አልጠየቀም። አንዲት ተራ ነገር ጠየቀና እንደተለመደው ተቆጡት። ከዚያ ለተቆጡት ሁሉ በየግላቸው አንድ ዓይነት መልእክት ላከ፦ «ልጄ ሆይ፣ ወንድም አለህን?» ለግሩም ደረሰው፤ ለሌሎችም ደረሳቸው። ስክሪንሹት እያነሡ ግሩፑ ላይ ለጠፉት። ግማሾቹ ሳቁ፤ ግማሾቹ ተሳደቡ።

የብርጓል ያየችው ሥራ ላይ ሳለን ነው፤ መስኮቷ ፊት ሰው ተሰልፏል። ድንገት ብድግ ብላ ወጣች። ሰልፈኛው ወደ እኔ ማንጋጠጥ ሲጀምር ተከተልኳት፤ ከጓሮ ከውሃ ታንከሩ ሥር አገኘኋት።

«ዳኘውን ነው የሚፈልጉት» አለች። «ወንድም ያለውን እየለዩ ነው መሲ። ደርሰውብኛል።»

በዚያች ሰዓት አመንኳት። ሰላይ በየጥጉ አለ የሚሉ ሰዎች ያናድዱኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከአጥሩ ወዲያ የሚያልፈውን ባጃጅ ሳይቀር በጥርጣሬ አየሁት። እሷ ስልኳን አነሣችና ግሩፑ ላይ ጻፈች፦ «ማን እንደላከህ አውቄያለሁ። የምትፈልገው እዚህ የለም። ሁለተኛ እዚህ ደጅ ድርሽ እንዳትል።» ማንበቡን አየች፤ አስወጣችው። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወደ መስኮቷ ተመለሰች።

ግሩም ግን ንዴቱ አልበረደለትም። ግንቡን የሰረቀው ሰው ይሄው መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። «አጥምጄ ላምጣውና ፊቱን እንየው» አላት። መጀመሪያ እምቢ አለች። በኋላ ግን በራሷ ጊዜ ተስማማች። «በር ያንኳኩትን ሁለቱን ሰዎች መልካቸውን አልረሳሁም» አለችኝ። «እነሱ ከሆኑ አያቸዋለሁ። ካወቅሁ የምሸሽበትን አውቃለሁ።»

ግሩም «አዎ፣ ወንድም አለኝ። ባሕር ዳር ከመጣህ እንገናኝ» ብሎ ላከለት። ለቀናት መልስ ጠፋ። ኋላ «ቅዳሜ እመጣለሁ» የሚል አጭር መልስ መጣ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሐይቁ ዳር ካለው ሻይ ቤት ተገኘን። ግሩም ብቻውን ከዛፉ ሥር ተቀመጠ። እኔና የብርጓል ከጀርባው ያለውን ጠረጴዛ ያዝን፤ እሷ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች። መኪና መንገዱ ላይ ባጃጅ አስቁማለች፤ እሷ ስታስል እንድነሣ፣ ወደ ኋላ እንዳላይ፣ ስሟን እንዳልጠራ ነግራኛለች። እኔ አሳ አዘዝኩ። «በዚህ ሰዓት አሳ?» ብላ አፈጠጠችብኝ። ከፈራሁ ይርበኛል፤ ምን ላድርግ።

ዘጌ የሚሄዱ ሰዎች ጀልባ እየጠበቁ ነበር። ከእነሱ መሐል አንድ አጭር ሽማግሌ ተለይተው መጡ፤ ነጭ ጥምጥም፣ ጋቢ፣ ጥቁር ጃንጥላ፣ አቧራ የጠጣ የፕላስቲክ ጫማ። በየጠረጴዛው «እንዴት አደራችሁ» እያሉ አለፉ። እኛንም ሰላም አሉን። እኔ መለስኩ፤ እሷ ፊቷን ከውሃው አላዞረችም። ግሩም ፊት ሲደርሱ ተቀመጡ።

«ከሁለቱ አንዱም አይደለም» አለች በሹክሹክታ። «ቢሆንም የላኩት ሊሆን ይችላል።»

ግሩም ሌባ ሊያስጨንቅ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ነው። ሽማግሌውን ሲያይ ግን ሳያስበው ብድግ አለ።

«ወንድም አለኝ ያልኸው አንተ ነህን?» አሉት።

«አዎ፣ የኔታ።»

«ጠያቂ የምትቆጣውስ አንተ ነህ?»

«ሁላችንም እንቆጣለን።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ ነው የቸገረኝ። የሚቆጣ አንድ ሰው ብቻ ነው ተብዬ ነበር የመጣሁ። አንዱ ሲቆጣኝ አገኘኋት እላለሁ፤ ወዲያው ሌላውም ይቆጣኛል። ሁላችሁም አንድ ቃል ነው የምትናገሩ።»

«አገኘኋት?» አለ ግሩም።

«የምፈልጋት ሴት ናት፤ እንዳትታወቅ ብዬ ነው በወንድ አንቀጽ የጻፍሁ። እንግዲያ አንተ አይደለህም፤ በከንቱ አደከምሁህ» ብለው ጃንጥላቸውን አነሡ።

የየብርጓልን ክንድ ነካሁት። ተነሥታ ዞረችና ፊታቸው ቆመች፤ ሳል የለ፣ ባጃጅ የለ። «ማን ላከዎ?» አለች።

«አንቺ ማን ነሽ?» አሏት።

ማንኛቸውም ቀድሞ መናገር አልፈለገም። እኔ አጠገባቸው ያለሁት ልፈነዳ ደረስኩ፤ «ተናገሪ!» ብዬ ልጮህ ነበር።

«የብርጓል ነኝ» አለች። ስሟን በአደባባይ ስትናገር ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሰማኋት እንጃ። «የዱርቤቴው የአካሉ ልጅ። የዳኘው እኅት።»

ሽማግሌው ጃንጥላውን መልሰው አስቀመጡት። «አወይ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ወረደ። «ተቀመጪ።»

መሪጌታ ሣህሉ ይባላሉ፤ ይፋግ አጠገብ ቅኔ ያስተምራሉ። ዳኘው ክረምት ላይ ወደዚያ መጥቶ የሰው ሩዝ ሲያርም፣ ሲደርስም ሲያጭድ ከርሟል። ማደሪያው የተማሪዎቻቸው ጎጆ ነበር። «ቤቴ ልመለስ እፈልጋለሁ፤ ሰላም መሆኑን ግን ሳላውቅ አልሄድም አለኝ። ስልኳ አይሠራም። በሰው ቢያስጠይቅ የቀድሞው ቤታችሁ ሌላ ሰው ገብቶበታል። የቀረ አንድ ማኅበር አለ አለኝ። ‹ስሜን እዚያ አይጥሩ፤ የእሷንም አይጥሩ። ብቻ ይግቡና የሞኝ ጥያቄ ይጠይቁ። የምትቆጣዎ እሷ ናት። ከተቆጣችዎ ለብቻዋ ወንድም እንዳላት ይጠይቋት፤ ይገባታል› ብሎ ላከኝ።»

«የመምህራችን ስም፣ አገራችን፣ ያን ሁሉስ ለምን ጠየቁ?» አለ ግሩም አሁንም ጥርጣሬው ሳይለቀው።

«እሱ የራሴ ስሕተት ነው። እኛ ጉባኤ ቤት አዲስ የመጣ ተማሪ የመምህሩን መምህር ሳይጠይቅ አይቀመጥም፤ ነውር ነው። አክብሮት መስሎኝ።»

«ስናባርርዎስ ለምን ይመለሳሉ?»

«ስልኩን ከየተማሪዬ እየተዋስሁ ነው የተመለስሁ፤ እኔ በየደጁ ለምኜ የተማርሁ ሰው ነኝ። ባባረሩኝ ቁጥር ብቀር በረሃብ ነበር የምሞት።»

ግሩም ሊስቅ ፈልጎ የብርጓልን አይቶ ተወው። እሷ የሚሉትን ሁሉ የሰማች አይመስልም። ዐይኗን ከፊታቸው ሳትነቅል «ደህና ነው?» ብላ ጠየቀች።

መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ የቀረበላቸውን ሻይ ራቅ አደረጉ።

«ደህና ነበር። የመጨረሻውን ቃልሽን አነበብሁለት። ‹ድርሽ እንዳትል› የሚለው ላይ ስደርስ ይድገሙልኝ አለኝ፤ ደገምሁለት። ‹እሷ ናት! ልጅ ሳለሁ አስፋልቱ ዳር ድርሽ እንዳትል የምትለኝ እሷ ናት› ብሎ ደስ አለው። ቀጥሎ ፊቱ ጠቆረ። ‹ከእኔ መላክዎ ገብቷታል፤ አትምጣ እያለችኝ ነው። ቤቱን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ ማለት ነው› አለ። ‹ልጄ፣ ተቆጥታ እንጂ ምን ታውቃለች› ብዬው ነበር፤ አልሰማኝም። ‹እሷ ያለ ምክንያት አትናገርም› አለኝ። በሐሙስ ገበያ ለጥጥ ለቀማ ወደ መተማ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች መጥተው ነበር፤ አብሯቸው ሄደ። እሱ ከሄደ በኋላ ‹ወንድም አለኝ› የሚል ደረሰኝ፤ አንቺ መሰልሽኝና መልስ ሳላገኝ መተው አልሆንልህ ብሎኝ መጣሁ።»

«ለምን ራሱ አልጻፈልኝም?» አለች። «አንዲት ቃል። ከእሱ መሆኗን የማውቃት አንዲት ቃል።»

«የጻፍሁት ነገር ተከትሎ ያስይዘኛል ብሎ። ስልክ በእጁ አይነካም ነበር፤ እኔ ሳነብለት እንኳ በር ዘግቶ ነው። እንዲህ መጠርጠርን ከማን ተማረ እያልሁ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ።»

ሊያቆስሏት ብለው አይደለም፤ ፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም። የብርጓል ግን ያን ስትሰማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ግሩም ወደ ሐይቁ ዞሮ ቆመ። በጣም ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደምናደድ ግን ሰው አጣሁ። በሽማግሌው ልናደድ? በልጁ? በእሷ? በር አንኳኩተው ስማቸውን ሳይናገሩ በሄዱት ሁለት ሰዎች ተናደድኩ፤ እነሱ ደግሞ እዚያ አልነበሩም።

መሪጌታ ሣህሉ ከይፋግ ገበያ በወጡ ቁጥር ይደውሉላታል። ከመተማ የተመለሱ ሰዎችን ጠይቀዋል። አንዱ አይቼዋለሁ ይላል፤ ሌላው ድንበር ተሻግሯል ይላል። እርግጠኛ ነገር የለም። ስልክ ካገኘ ግሩፑ ላይ ተመልሶ እንደሚሞክር ግን ለተማሪዎቹ ነግሯቸው ነበር አሉ።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የብርጓል ከላይ የተለጠፈውን ደንብ አነሣችው። ግሩም «ሌባው ሁሉ ይገባል» ብሎ ለመናት። «ይግባ» አለችው። እውነትም ገቡ። ሁለት ልጆች ግንባቸውን ተነጠቁ፤ ተናደው ጭፍራውን ለቀቁ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። እሷ ለገባው ሁሉ ትመልሳለች። ምንም ቢጠይቃት፣ ስንት ጊዜ ቢደጋግም አትቆጣም። የሚቆጣ ካለ የምታስወጣው እሱን ነው። ከጠያቂዎቹ አንዱ እሱ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከእሱ የተላከ። እንዲህ ብላ ነግራኝ አታውቅም፤ እኔ ግን አጠገቧ ነው የምቀመጠው።

ባለፈው ሳምንት በምሳ ሰዓት አንድ አዲስ ሰው ገባ። ፎቶ የለውም፤ ስሙ ሁለት ፊደል ነው። «ይህ ጨዋታ በምን ይጀመራል?» አለ። የብርጓል እንጀራዋን ትታ ጻፈችለት፤ መጀመሪያ ይህን ንካ፣ ከዚያ ይህን፣ ከፈረሰብህ አትደንግጥ፣ እንደገና ይሠራል። «አመሰግናለሁ» አላት። ጣቷ ስልኩ ላይ ቆየ። ከዚያ «ምሳ በልተሃል?» ብላ ላከችለት። ወዲያው ደግሞ «ብቻህን ነህ? የት ነህ?»

ሰውየው «አንተ ማን ነህ? ስለ እኔ ምን አገባህ?» ብሎ ጻፈና ግሩፑን ለቆ ወጣ።

የብርጓል የወጣበትን ስም ትክ ብላ አየችው። እኔ «ተይው፣ ሌባ ነው የሚሆነው» አልኳት።

«ዳኘውም ቢሆን እንዲሁ ነበር የሚያደርግ» አለች።